እንሰት፦ ከጢያ ድንጋዮች እስከ ወልቂጤ ገበያ

ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ሁለቱም ዛፍ ይመስላሉ፤ እንጨት ግን የላቸውም፤ ግንዳቸው እርስ በርሱ ተጠቅልሎ የቆመ የቅጠል እግር ነው። ታሪካቸው የተለያየው በሰው እጅ ነው። ሙዝ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኒው ጊኒ ነው። በኒው ጊኒ ደጋ፣ ኩክ በሚባል ረግረግ ውስጥ የተገኙ ቅሪቶች ሰዎች ከ6,500 ዓመት በፊት ገደማ ሙዝ ይተክሉ እንደነበር መስክረዋል። ከዚያ በመርከብ ተጭኖ፣ በነጋዴ እጅ እየተላለፈ ሕንድን፣ የዐረብን አገርና የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ አዳረሰ። ገበሬዎች ዘር የሌለውን እየመረጡ ፍሬውን አጣፈጡት።

እንሰት ሌላ መንገድ ያዘ። የቅርብ ዘመዶቹ ዛሬም በሕንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ በዱር ይበቅላሉ። በአፍሪካም ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የዱር እንሰት አለ። አልምቶ የዕለት ምግቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። የእንሰት ፍሬ በጠጣር ጥቁር ዘር የታጨቀ ስለሆነ ለመብል አይሆንም። የሚበላው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው አሚቾው ነው።

እንሰት የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ደጋነት የተወሰኑ ዓመታት ቆይቶ ከመሐሉ ትልቅ አበባ ያወጣል፤ ዘር ይይዛል፤ ከዚያ ይሞታል። አበባው ሲያድግ በግንዱና በአሚቾው የተጠራቀመውን ምግብ እየሳበ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ገበሬው አበባው እንዳለፈ አይተወውም፤ ሊያብብ ሲል ወይም ገና ማበብ ሲጀምር ይቆርጠዋል። ዘሩንም አይዘራም። አንድ ለጋ እንሰት ይቆርጥና የአሚቾውን መሐል፣ ቡቃያው የሚወጣበትን እምብርት፣ ቦርቡሮ ያወጣል፤ ፍግ ጨምሮ አፈር ያለብሰዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ በብዛት ችግኝ ይፈላል። ችግኙ እየተነቀለ ወደ ሰፊ መደብ ይዛወራል፤ አድጎ ቋሚ ቦታውን እስኪይዝ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አንዳንድ ቦታም አራት ጊዜ ይተከላል። ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ስንት ትውልድ አይቶ፣ ስንት ትውልድ ሞክሮ እዚህ እንዳደረሰው ማሰብ ብቻ ያስገርማል።

በጉራጌ ምድር የዚህን ተክል ታሪክ የሚከተል ሰው ከቡታጅራ መንገድ ቢጀምር ይሻለዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲወርዱ፣ በሶዶ፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። 36 ናቸው፤ 32ቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በመካከለኛው ዘመን በመቃብር ላይ የቆሙ ናቸው። ከቅርጾቹ መካከል ሰይፍ አለ፣ ክብ አለ፤ ከሥር ወደ ላይ ቅጠሉን ዘርግቶ የቆመ ተክል የሚመስልም አለ። አንዳንድ አጥኚዎች ይህን ቅርጽ እንሰት ነው ብለው ተርጉመውታል። ቅርጾቹ ብዙ ያከራክራሉ፤ እኔ ግን ወደዚህኛው ትርጉም አዘነብላለሁ። ሰው በሟቹ መቃብር ላይ ጀግንነቱን በሰይፍ ከጻፈ፣ ያኖረውንም ቢጽፍ አይደንቅም።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ አዝማች ስብሐት የተባለ የጦር አለቃ ከአካለ ጉዛይ፣ ጉራዕ ከተባለ ቦታ ሠራዊት ይዞ ወደዚህ ምድር እንደ መጣ የጉራጌ ትውፊት ይናገራል። ከምሥራቅ፣ ከሐረር በኩል መጣን የሚሉም አሉ። የመጡት ከየትም ይሁን፣ የመጣው ሰው በሬና ሞፈር፣ ጤፍና ገብስ የሚያውቅ ነው። እዚህ ሲደርስ ያገኘው ግን በመቆፈሪያ የሚለማ፣ በፍግ የሚያድግ፣ በቤት ዙሪያ የሚቆም ተክል ነው። ብዙ አጥኚዎች እንደሚሉት ሰፋሪዎቹ እንሰትን የተማሩት ቀድሞ በቦታው ከነበሩት፣ ከሲዳማ ወገን ቋንቋ ከሚናገሩ ሕዝቦች ነው። ቋንቋቸውን ይዘው ቆዩ፤ ማዕዳቸውን ግን ቀየሩ። ከቸሃ እስከ እነሞር፣ ከእዣ እስከ ጉመር፣ ከሙኸር እስከ መስቃን ያለው ሕዝብ በእንሰት ዙሪያ የተሰባሰበው እንዲህ ነው።

16ኛው ክፍለ ዘመን የጦርነት ዘመን ነበር። የኢማም አሕመድ ዘመቻ እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 አገሩን አናወጠ፤ ቀጥሎም የኦሮሞ ሕዝብ ታላቅ መስፋፋት የደቡቡንና የመካከሉን ካርታ ለወጠ። የእህል አገር በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ነው፤ አዝመራው በማሳ ይቃጠላል፣ ጎተራው ይዘረፋል፣ በሬው ይነዳል። እንሰት ግን ቆሞ ያለ ጎተራ ነው። ግንዱ ውኃ ስላዘለ እንደ ነዶ አይነድም። ቆጮ የሚሆነው ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ ከሳምንታት እስከ ወራት ከርሞ ነው፤ ዘማች ሠራዊት ደግሞ ያን ያህል የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። አሚቾ ቀቅሎ ቢበላ እንኳ ለስንት ሰው ይበቃዋል? ጉድጓዱም ከመሬት በታች ነው፤ ቦታውን የምታውቀው ባለቤቷ ናት። በዙሪያቸው ያለው ዓለም ሲገለባበጥ ትንንሾቹ የጉራጌ ቤቶች በየተራራቸው ተጠግተው የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ አምናለሁ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስለ እንሰት ጽፈው ትተዋል። ማኑኤል ደ አልሜዳና ጄሮኒሞ ሎቦ ከእነርሱ መካከል ናቸው። በሕንድ በኩል ስለ መጡ የእስያውን ሙዝ ያውቁት ነበር፤ እንሰትን ሲያዩ ከእርሱ ጋር አመሳሰሉት፤ ግን ፍሬው ሳይሆን አካሉ እንደሚበላና የብዙ ሰው መተዳደሪያ እንደሆነ ለዩ።

ከእነርሱ በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ ቆየ። በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ ሲሄድ በጣና ምዕራብ፣ በሜጫ ምድር፣ እንሰት በብዛት ተተክሎ ሰው ሲመገበው አየ። ጣዕሙን ከስንዴ ዳቦ ጋር አነጻጽሮ አመሰገነው። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሥዕሉን ጨምሮ በሰፊው ጻፈበት፤ ከሙዝ የተለየ ተክል እንደሆነም አጥብቆ ተከራከረ። ሳይንስ ግን ወዲያው አልሰማውም። በ1791 ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ በሙዝ ወገን መደበው። በ1853 በምፅዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ዘሩን ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የእጽዋት መናፈሻ ላከ። ዘሩ በመስታወት ቤት ውስጥ በቅሎ ግዙፍ ሆነ፤ የአውሮፓ መናፈሻዎችም ለውበት ይተክሉት ጀመር። በ1862 ሆራኒኖቭ የተባለው ሩሲያዊ ከሙዝ ለይቶ ለብቻው ወገን ሰጠው፤ ስሙንም እንሰት አለው። ያም ተረስቶ ኖሮ በ1947 ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ እንደገና አጸናው። ብሩስ ያለው ነገር እስኪጸና ከ150 ዓመት በላይ ፈጀ።

ብሩስ ያየው የሜጫ እንሰት ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር አጥኚ ፍሬድሪክ ሲሙንስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲዞር ተክሉን አገኘው፤ የሚበላው ሰው ግን አላገኘም። በጎንደርና በጎጃም በየጓሮው የሚቆመው ኮባ ለቅጠሉ ነው፤ ድፎ ዳቦ ይጠቀለልበታል። የአማራ እናት ለበዓል ዳቦዋን በኮባ ስትጋግር በእጇ የያዘችው የጉራጌን ቆጮ የሚያስገኘው ተክል ነው። ያው ተክል በአንድ አገር ከማዕድ ወጣ፤ በሌላው አገር የማዕዱ ሁሉ መሠረት ሆኖ ቀረ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ ቂጫ በሚባል ባህላዊ ሕግ፣ ክስታኔዎች (የሶዶ ጉራጌዎች) ደግሞ ጎርደና ሴራ በሚባለው ሕጋቸው ይተዳደሩ ነበር። የመንደሩ አሠራር ራሱ በእንሰት ዙሪያ የተቀየሰ ነው። ጀፎሮ የሚባለው ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ መሐል ለመሐል ይሄዳል፤ ግራና ቀኝ ክብ ቤቶች ይሰለፋሉ፤ ከየቤቱ ጀርባ እንሰቱ ይቆማል። ከብቶች ሌሊት በቤት ውስጥ ያድራሉ፤ ጠዋት ፍጋቸው ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ይወጣል። ለቤቱ ቅርብ የሆነው እንሰት ብዙ ፍግ ስለሚያገኝ ይወፍራል። ከብት የሌለው ቤት እንሰቱ ይከሳል። በሰባት ቤት ባህላዊ እምነት የነጎድጓድ ጌታ የሆነው ቦዠ ንብረት ጠባቂ ስለነበር፣ የሰው እንሰት የሚሰርቅ የቦዠን ቁጣ ይፈራል።

መትከሉ የወንድ፣ መፋቁ የሴት ሥራ ነው። ሥራውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አይረሳውም። ሴቶቹ በእንሰቱ መሐል ቅጠል አንጥፈው ይቀመጣሉ። የሚፋቅበት ጣውላ ከቆመ እንሰት ጋር ዘንበል ተደርጎ ይታሰራል። አንዷ የግንዱን ልጥ በጣውላው ላይ ዘርግታ ጫፉን በእግሯ ትይዛለች፤ ከቀርከሃ በተሠራ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትገፋዋለች። ነጩ ሥጋ ከታች ይረግፋል፤ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ሌላዋ አሚቾውን በጥርስ ባለው እንጨት እየወቀጠች ታደቀዋለች። ከተፋቀው የሚጨመቀው ውኃ በጉድጓድ ውስጥ ረግቶ ከታች ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል፤ ቡላ ይህ ነው። የቀረው ሁሉ ተደባልቆ፣ ከቀድሞ ቆጮ እርሾ ተጨምሮበት፣ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይገባል፤ ቅጠል ይለብሳል፤ ድንጋይ ይጫነዋል። በየጊዜው ተከፍቶ ይገላበጣል፣ ቅጠሉም ይለወጣል። ለዓመታት የከረመ ቆጮ ያላት ሴት በመንደሩ ትከበራለች፤ ለእንግዳ የሚወጣውም እርሱ ነው። ሊጋገር ሲል ተጨምቆ ውኃው ይወጣል፣ በቢላዋ ደጋግሞ ተከትክቶ ጭረቱ ይደቃል፣ ከዚያ በቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ይበስላል።

የቃቄ ወርድወት በየጆካ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የተሟገተችው በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሙኸር ልጅ ነበረች። ክርክሯ ስለ ጋብቻ እንጂ ስለ እንሰት አልነበረም። እኔ ግን ያን ያህል ድፍረት ከየት መጣ ብዬ ሳስብ፣ የቤቱን ምግብ ከመፋቂያ እስከ ጉድጓድ በእጃቸው የያዙትን ሴቶች ከታሪኩ ለይቼ ላያቸው አልችልም።

ከ1860ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወደ ጉራጌ ዘመቱ። ክስታኔዎች ቀድመው ገቡ። ምዕራቡ ግን በቀቤናው ሐሰን እንጃሞ እየተመራ ለዓመታት ተዋጋ፤ በመጨረሻ በ1881 ዓ.ም. ግድም በምኒልክ የጦር አለቃ በራስ ጎበና ዳጬ ተሸነፈ። በዚያው ሰሞን ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታው የአገሩን በሬና ላም ፈጀ፤ የእህል አገር ያለ በሬ ማረስ አቅቶት ተራበ። የጉራጌ ገበሬ የሚያለማው በመቆፈሪያ ስለሆነ በሬ አላስፈለገውም፤ ነገር ግን ከብቱ ሲያልቅ ፍጉም አለቀ። እንሰት ረሃብን ይከላከላል ሲባል ይህም አብሮ መነገር አለበት፤ እንሰትን የሚያቆመው ከብት ነው።

ገባርነት ገንዘብ ጠየቀ፤ ቆጮ ደግሞ በዚያ ዘመን ወደ ሩቅ ገበያ የሚጓዝ ምርት አልነበረም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ጉልበት ትፈልግ ነበር። የጉራጌ ወንድ በእግሩ ተጉዞ መጣ፤ ቆፈረ፣ ተሸከመ፣ ግንብ ሠራ፤ ቀስ በቀስም ነጋዴ ሆነ። ይህ ፍልሰት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጉራጌ ታታሪነት ነው፤ እውነትም ነው። ግን ወንዱ ለወራት ከቤቱ ሲርቅ ቤቱ ያልፈረሰበት ምክንያት መታየት አለበት። እንሰት የሚታጨድበት፣ የሚወቃበት አንድ ሰሞን የለውም። በማንኛውም ወር ይቆረጣል፤ ዘንድሮ ያልተቆረጠው ለከርሞ ይቆያል። ሚስትና እናት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተደጋግፈው ፍቀው፣ ቀብረው፣ ጋግረው ልጆቹን ያሳድጋሉ። ባልየው ለመስቀል ሲመለስ ችግኙን ያዛውራል፣ አጥሩን ያድሳል። የመርካቶ ጉራጌ ጀርባው በእንሰት የተደገፈ ነበር። ይህን በግልጽ የሚጽፍ የንግድ ታሪክ ማየት እፈልጋለሁ።

የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለጉራጌ ምድር ትቶት ካለፈው ነገር አንዱ መንገድ ነው። የአዲስ አበባ ጅማ መንገድ በሚያልፍበት ወልቂጤ የመንገድ ከተማ ሆና አደገች። ቡታጅራ በበኩሏ የመስቃንና የዙሪያዋ ሕዝብ ገበያ ሆና ሰፋች፤ ደጋው እንሰቱን፣ ቆላው የማረቆን በርበሬ ይዞ የሚገናኝባት ከተማ ነች።

እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 ዊልያም ሻክ የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በቸሃ ተቀምጦ አጠና። በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ለዓለም አስተዋወቀ። ሻክ ያስተዋለው ተክሉን ብቻ አልነበረም። መሬቱ፣ ጋብቻው፣ አምልኮው፣ መታከሚያው፣ የምግብ ሥነ ሥርዓቱ ሁሉ ከእንሰቱ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ አሳየ። እንሰት በሞላበት አገር ሰው በሰው ፊት ጥቂት ቆርሶ መተው ክብር መሆኑ፣ የጠገበ መስሎ መታየት ሥርዓት መሆኑ ብዙ አነጋግሮታል። በዚያው 1966 ታዬ በዙነህና አስራት ፈለቀ የኢትዮጵያን እንሰት አመራረትና አጠቃቀም በውጭ አገር የሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፉ። በአገራችን ሰው እጅ ስለ እንሰት ለዓለም ከተጻፉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ዛሬም ይጠቀሳል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ከኪሳቸው እያዋጡ የመንገድ ማኅበራት አቋቋሙ። አንዱ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ያሠራው ማኅበር ነው፤ ሌላው በሰባት ቤት በኩል ከወልቂጤ ወደ ውስጥ የሚገቡትን መንገዶች ያሠራ ነበር። መንግሥት ሳይቀድማቸው ሕዝቡ የቀደመበት ሥራ ነው። መንገዱ ሲከፈት ቆጮ መኪና ላይ ወጣ። ቀድሞ ከመንደር ገበያ የማያልፈው ምርት በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ታስሮ መርካቶ ደረሰ። ክትፎ ቤቶች ሲበዙ ደግሞ ቆጮ ጉራጌ ላልሆነው የአዲስ አበባ ሰውም ማዕድ ሆነ። ክትፎ በቅቤና በሚጥሚጣ፣ አይቤና ጎመን ከጎኑ፣ ከሥሩ አረንጓዴ የእንሰት ቅጠል፤ ይህን ያልቀመሰ የከተማ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው።

መከራውም በዚያው ዘመን ስም አገኘ። ካስቴላኒ የተባለ ኢጣሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1939 የእንሰት መጠውለግን አይቶ ጽፎ ነበር። በ1968 ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው መንስኤው ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ እንደሆነ አረጋገጡ። ገበሬው አጠውላጊ የሚለው ይህ ነው። መጀመሪያ መሐለኛው ለጋ ቅጠል ይገረጣል፤ ከዚያ ጫፉ ታጥፎ ይወድቃል፤ ሲቆረጥ ከግንዱ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል። በበሽታው የተያዘውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያሻግራል። ስድስትና ሰባት ዓመት የተለፋበት ተክል በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ ከብት እንዳይገባ ማጠር፣ ጤነኛ ችግኝ ከታመነ ጓሮ ማምጣት፤ ያለው ይህ ነው።

በ1966ም በ1977ም ዓ.ም. ረሃብ አገሩን ሲመታ፣ በወሎና በትግራይ የታየው ዓይነት እልቂት በእንሰት አገር አልታየም። ሲዘንብ ውኃ አዝሎ፣ ሲደርቅ ከአካሉ እየተመገበ የሚቆይ ተክል በጓሮ ስላለ ነው። በወላይታ ያለው የአረካ የምርምር ማዕከል ከዚያ በኋላ በእንሰት ላይ ሥራ ጀመረ፤ ዝርያዎችን ከየአካባቢው ሰብስቦ አወዳደረ፤ ምርታማ የሆኑትንም መርጦ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 ስቲቨን ብራንትና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ከ40 እስከ 60 እግር እንሰት አምስት ወይም ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ሊመግብ እንደሚችል ገመተ። ያን ያህል ተክል የሚይዘው መሬት አራት መቶ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሕዝብ በበዛበት፣ መሬት በጠበበበት ጉራጌ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ሁለቱ ዘመዳሞች፣ እንሰትና የእስያው ሙዝ፣ በሽታው ላይ ተገናኙ። በ1974 (እ.ኤ.አ.) አጠውላጊው በከፋ ምድር በሙዝ ላይ ታየ። በ2001 ኡጋንዳ ገባ። ከዚያ ኮንጎን፣ ሩዋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ኬንያንና ብሩንዲን አዳረሰ። በእነዚያ አገሮች ሙዝ ለጣፋጭነት የሚበላ ፍሬ ብቻ አይደለም፤ የሚሊዮኖች ዋና ምግብ ነው። በእኛ ጓሮ ለዓመታት ብቻችንን የተሸከምነው በሽታ የዓለም ጉዳይ የሆነው ያኔ ነው። ቀድሞ በቂ ገንዘብና ሰው ተመድቦለት ቢሆን ምን ያህል ይቀንስ ነበር የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ጥናቱ በዝቷል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንሰትን የዘረመል ንድፍ አሳተሙ። ኪው ደግሞ፣ ከመቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት ዘሩን ለውበት የተቀበለው ያው መናፈሻ፣ ዛሬ ከኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች ጋር ሆኖ እንሰትን ለምግብነቱ ያጠናል። ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ኢትዮጵያዊ በእንሰት እንደሚኖር ይገመታል። በ2022 የወጣ ጥናታቸው እንሰት በኢትዮጵያና በጎረቤት አገሮች ቢስፋፋ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው ሊመግብ እንደሚችል አሰላ። እኔ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ነው የምቀበለው። ተክሉን ወስዶ መትከል አንድ ነገር ነው፤ መፋቁን፣ መቅበሩን፣ ማገላበጡን፣ ዝርያ መለየቱን የምታውቅ ሴት አብራ ካልሄደች ጓሮው የኪው መስታወት ቤት ይሆናል።

በጉራጌ ጓሮ አስታራ፣ አጋደ፣ ጓርየ እየተባሉ በስም የሚለዩ ብዙ ዝርያዎች አሉ። አሚቾው ተቀቅሎ የሚጣፍጠው፣ ቃጫው የሚጠነክረው፣ አጥንት ለተሰበረ ሰው የሚሰጠው፣ በሽታ ቶሎ የማይጥለው የተለያየ ነው። እናቶች በቅጠሉ መሐል ቀለምና በግንዱ ነጠብጣብ ይለዩታል። አንድ ዝርያ ሲጠፋ ስሙም፣ ጥቅሙም አብሮ ይጠፋል።

ወልቂጤ ዛሬ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ነች፤ በአቅራቢያዋ፣ በጉብርዬ፣ በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ከተሞቹ ሲሰፉ የዙሪያቸው ጓሮ ይጠባል። ጫትና ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ስለሚያመጡ የእንሰቱን ቦታ እየወሰዱ ነው። ወጣቷ ተማሪ ነች፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ መፋቅ አትፈልግም፤ ልትፈልግም አይገባም። መፋቂያ ማሽኖች በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ማዕከሉ ተሠርተዋል፤ በየጓሮው ግን ዛሬም የሚታየው ጣውላውና ቀርከሃው ነው። የሚሠራው ሰው ከከተማ ሆኖ ማሽኑን ሲነድፍ ሴቶቹን ጠይቆ ቢሆን፣ የሚሸከሙትን ክብደት፣ የሚቀመጡበትን ቦታ፣ ቃጫው ሳይበጠስ እንዲወጣ የሚፈልጉ መሆናቸውን ቀድሞ ባወቀ ነበር።

በአጠውላጊው ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ከወላይታ በኩል ማዚያ የሚባል ዝርያ በሽታውን በተሻለ ሁኔታ እንደሚቋቋም በሙከራ ታይቷል፤ ችግኙም ወደ ሌሎች አካባቢዎች እየተሰራጨ ነው። ማዚያ ግን ለሁሉም ቦታና ለሁሉም ማዕድ አይሆንም። የጉራጌ ደጋ የራሱ ዝርያዎች አንድ በአንድ መፈተን አለባቸው፤ ለዚህም ከየወረዳው የሚሰበሰበው ችግኝ ከነስሙና ከነባለቤቱ መመዝገብ አለበት። እስከዚያው ሥራው በየቤቱ ነው፤ ቡታጅራ ገበያ ችግኝ የሚገዛ ሰው ከየትኛው ጓሮ እንደ መጣ ይጠይቅ፣ ቤቱ ሲደርስ ለብቻው ተክሎ ያቆየው፣ ቢላዋውንም ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከማዛወሩ በፊት በእሳት ይለብልበው።